ጤና አዳሜ ቢጫ ሆነ፣ ዳማከሴዬን ውርጭ መታው፤ ምን ይሻለኛል?

የቧንቧ ውሃዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለናንተ ያገሬ ልጆች። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ኪራይ ቤት ነው የምኖረው። በሬ ላይ ሁለት እርምጃ የማትሞላ መሬት አለችኝ፣ የተረፈውን በዘይት ጀሪካንና በወተት ዱቄት ቆርቆሮ እተክላለሁ። እናቴ ከወረኢሉ በመጣች ቁጥር ጤና አዳምና ዳማከሴ ይዛልኝ ትመጣለች፣ እኔ ጋ ግን አይበረክትም። ጤና አዳሙ ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል፤ ጠዋት ማታ ነው የማጠጣው፣ አልበደልኩትም። ዳማከሴው ደግሞ መስከረም ላይ እንዲያ ለምልሞ፣ ህዳር መጨረሻ አንድ ጠዋት ስነሳ የፈላ ውሃ የተደፋበት መስሎ ጠቁሮ አገኘሁት።

ሌላው አጠቃቀሙ ነው። እናቴ የደም ግፊት ክኒን ትወስዳለች። እህቴ የአምስት ወር እርጉዝ ናት፣ ሳል ይዟታል፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ጤና አዳም አፍልታ ትጠጣ» ይላል። ጊቢያችን ውስጥ የሰባት ወር ልጅም አለ፤ ለሱ ደግሞ ማር በዝንጅብል ታዞለታል። ለማን የቱ ይሆናል?

አትክልተኛው ከሐይቅ፦
አብሽሪ እህቴ። «ጠዋት ማታ» ስትይ ነገሩ ገባኝ። ጤና አዳም ጥማት ይችላል፣ ሥሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም ነው የማይችለው። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺ፣ ታች ድረስ ደረቅ ከሆነ ብቻ አጠጪ። ለመሆኑ ቆርቆሮው ታቹ ተበስቷል?

ከሚሞተው ላይ ልጅ ማትረፍ ትችያለሽ። ጠንከር ካለው ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር የሚያህል ከአንጓው ሥር ቁረጪ፣ የታችኛውን ቅጠል ሁሉ አራግፊ፣ ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ ይግባ። አፈሩን እኩል አሸዋ ቀላቅይበት። ፍግ ከሆነ በደንብ የበሰበሰ ብቻ፣ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል። ሁለት ሦስት ሳምንት ጥላ ላይ ይቆይ። ሥር ይዞ እንደሆነ ለማየት በየቀኑ እየነቀሉ የሚያዩ አሉ (ባለቤቴን ማለቴ ነው)፤ እንዳትነኪው፣ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ራሱ ይነግርሻል።

የጉጉፍቱ ልጅ፦
ዳማከሴሽን የመታው ውርጭ ነው፣ በሽታ አይደለም። እኛ ደገኞቹ ከህዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ቀጥ ያለ ማታ «ዛሬ አለቀልን» እንላለን። በጀሪካን ያለውን ማታ ማታ ከቤቱ ግድግዳ ጋር አስጠጊው፣ መሬት ላይ ያለውን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍነሽ ፀሐይ ሲወጣ ግለጪው። ፕላስቲክ ቅጠሉን ከነካው ግን የነካው ቦታ ይመታል፣ በእንጨት ከፍ አድርጊው።

ደግሞ ጦስኝ ለምን አትሞክሪም? ብርድ አገሩ ነው። ድንጋያማና ውሃ የማይቋጥር አፈር ብቻ ስጪው። መሬት ላይ የተንተራሰው ግንዱ ራሱ ሥር ያወጣል፣ ያንን ቆርጠሽ ማዛወር ነው። ከተራራ ስትለቅሚ ግን በማጭድ ጫፉን፤ ከነሥሩ እየነቀሉ ገበያ የሚያወጡት ሰዎች ተራራውን ራቁቱን እያስቀሩት ነው፣ ይሄ ያናድደኛል።

ባለሱቋ ከወልድያ፦
ጤና አዳም ስትቆርጪ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን፣ ጓንት ወይም ፌስታል እጅሽ ላይ አድርጊ። እኔ አምና ቀትር ላይ እጅጌዬን ሰብስቤ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አጨድኩ። ያን ቀን ምንም የለም። በማግስቱ ክንዴ ቀላ፣ በሦስተኛው ቀን ውሃ ቋጠረ፣ ጠባሳው ለወራት ቡናማ ሆኖ ቆየ። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል ለካ። ልጆች እንዳይጫወቱበት።

ስታደርቂ ጥላ ላይ፣ በትንሽ በትንሹ አስረሽ ዘቅዝቀሽ ስቀይ። ፀሐይ ላይ የደረቀ መዓዛው ይጠፋል፣ ገዢ አፍንጫው ላይ አድርጎ ይመልስልሻል።

የቃሉ አዛውንት፦
ልጄ፣ ዳማከሴ ለምች ነው፤ እጅሽ ላይ አሽተሽ አሽትተሽ፣ ግንባርሽን መቀባት። ለትኩሳት ደግሞ አሪቲ የመሰለ የለም። እኛ ቆላ አፋፍ ላይ ያደግን ሰዎች ወባ ሲነሳብን እሱን አፍልተን ነበር የምንጠጣው።

ነርሷ ከኮምቦልቻ፦
አባቴ ዕድሜ ይስጥዎት፣ የወባውን ነገር ግን ላርምዎ። ለወባ መድኃኒት የሚሆነው አርቴሚሲኒን የተገኘው ከቻይናው ተክል ከአርቴሚሲያ አኑዋ ነው፤ ያገኙት ሳይንቲስት ቱ ዩዩ በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል። የኛ አሪቲ የሱ ዘመድ እንጂ እሱ አይደለም፤ የአኑዋውንም ቢሆን ቅጠሉን አፍልቶ ለወባ መጠጣትን የዓለም ጤና ድርጅት አይመክርም። ቆላ ወርዶ ከሚሴ ወይም ባቲ ደርሶ የመጣ ሰው ካተኮሰው ቀኑን ሳያሳልፍ ደም ይመርመር።

እህቴ፣ ወዳንቺ ልምጣ። እርጉዟ ጤና አዳም አፍልታ አትጠጣ፤ ማህፀን ያኮማትራል፣ በብዛት ሲወሰድ ጽንስ ያስወርዳል። ቡናዋም ላይ ቢቀርባት እመርጣለሁ። ለሳሉ ትኩስ ውሃ በሎሚና በማር ይበቃታል። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ጤና ጣቢያ ሄዳ አክታ ትመርመር፤ የቲቢ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።

ለሰባት ወሩ ልጅ ማር በጭራሽ። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ጀርም አለ፤ ዓመት ያልሞላው ልጅ አንጀት ውስጥ መርዝ አምርቶ ሰውነቱን ያዝላል። ማፍላትም አያጠፋውም። የዳማከሴ ጭማቂም አፍንጫው ውስጥ አይንጠብ፣ ይታፈናል። ጡት ደጋግሞ ይጥባ፤ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ሌሊትም ቢሆን እናቱ ጤና ጣቢያ ይዛው ትሂድ።

እናትሽን ከቡና ላይ የጤና አዳም ቅርንጫፏ ጋር ማንም አያጣላቸውም። እኔን የሚያስፈራኝ «ነጭ ሽንኩርት ጀምሬያለሁ» ብለው ክኒኑን ሲተዉ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከጨመሩላቸው ደግሞ በየቀኑ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት መዋጣቸውን ለሐኪማቸው ይናገሩ፣ መድማት ያበዛል።

የቧንቧ ውሃዋ፦
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ቆርቆሮውን ገለበጥኩት፤ ቀዳዳ የሚባል የለውም! ታቹ ጭቃ ሆኖ የረጋ ረግረግ ይሸታል፣ ሥሩ ቡናማ ሆኖ ስጎትተው እንደ እርጥብ ክር ተልጦ እጄ ላይ ቀረ። አራት ቅርንጫፍ ቆርጬ እንደተባለው አሸዋ ላይ ተክያለሁ፣ ቆርቆሮውንም በምስማር አምስት ቦታ በሳሁት። የእህቴ ሳል ስንቆጥረው ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነው፣ ነገ ጠዋት አብሬያት እሄዳለሁ። ጠቁሮ የቀረውን ዳማከሴስ ልንቀለው?

አትክልተኛው ከሐይቅ፦
ቆይ! ግንዱን በጥፍርሽ ፋቅ አድርጊው። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ነፍስ አለው። የሞተውን ግን አሁን አትቁረጪ፣ ለታችኛው ልብስ ነው። ውርጩ ሲያልፍ፣ በልግ ሲቃረብ ትቆርጪዋለሽ።

የቧንቧ ውሃዋ፦
ፋቅኩት። ከላይ እንጨት ነው፣ ከታች አንድ ስንዝር ያህል አረንጓዴ።