የእናቴ ስኳር ከእራት በኋላ 287 አለ! አሁን ምን ላድርግ?

የቡሬው ልጅ (ማታ 2:08)
ኧረ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይመልስልኝ። እናቴን እራት ከበላች በኋላ ለክቻት 287 አለ! ጠዋት ባዶ ሆዷን 131 ነበር። ስኳር በአፏ አልዞረም፣ ሻይ እንኳ ባዶውን ነው የምትጠጣው። የበላችው የጾም ነው፣ እንጀራ በድንች ወጥ፣ በቃ። መለኪያውን እህቴ ከባሕር ዳር የላከችው ከትናንት ወዲያ ነው፣ ማሽኑ ይሆን የተበላሸው? ክኒኗን አንድ ልጨምርላት ወይስ በዚህ ሌሊት ጤና ጣቢያ ልውሰዳት? እሷ «ምንም አልሆንኩ፣ ልተኛበት» ትላለች። እዚህ ከ3 ሰዓት በኋላ ባጃጅ የለም።

ዳሞት (2:13)
ክኒን እንዳትጨምር! እሱን መጀመሪያ ያዝልኝ። የቀረውን ሳትነግረን እንዴት እንመልስልህ? እራቱን የበሉት መቼ ነው? ክኒኑ ማን ይባላል? ያስመልሳቸዋል? ትንፋሽ ያጥራቸዋል?

ደጀን ላይ ነኝ (2:14)
የጎጃም እናት፣ በኅዳር፣ ቀፎ ተቆርጦ፣ ጣፋጭ አልቀመሰችም? እሺ አምነናል።

ጡረተኛው መምህር (2:21)
ልጆቼ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ብዙ ሰው ስኳር ማለት ነጩ ስኳር ብቻ ይመስለዋል። እንጀራውም፣ ድንቹም፣ የበቆሎ ቂጣውም ሆድ ከገባ በኋላ ተፈጭቶ ስኳር ሆኖ ነው ደም የሚገባው። ምላስ ላይ አለመጣፈጡ ምንም ማለት አይደለም። ጤነኛ ሰውም ሲበላ ስኳሩ ከፍ ይላል። ከዚያ ቆሽት ኢንሱሊን ይለቅና ስኳሩን ወደ ሰውነት ያስገባዋል፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከ140 በታች ይመለሳል። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ግን ወይ ኢንሱሊኑ ያንሳል ወይ ሰውነት እሺ አይለውም፣ ስለዚህ ስኳሩ ደም ውስጥ ቆሞ ይቀራል። እኔ ከዚህ ነገር ጋር 14 ዓመት ኖሬያለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሻዬን ያለ ስኳር እየጠጣሁ ድንች በእንጀራ እየጠቀለልኩ እበላ ነበር፣ ስኳሬ ለምን እንደማይወርድም ይገርመኝ ነበር።

የቢቸና ጤፍ (2:24)
መምህር ይቅርታ ግን በእንጀራ አልስማማም። አያቶቻችን ሙሉ መሶብ በልተው ስኳር የሚባል በሽታ አያውቁም ነበር። ጥፋቱ የፋብሪካ ዘይትና ለስላሳው ነው። ጤፍን አትሙት።

ዳሞት (2:26)
አያቶቻችን በልተው እርፍ ይዘው ይውሉ ነበር። አንተ በልተህ ስልክ ይዘህ ትውላለህ።

ግራዋ ይፈውሳል (2:27)
ግራዋ ጨምቆ በባዶ ሆድ ሦስት ቀን። በቃ። ክኒኑን ትጥለዋለች።

የቡሬው ልጅ (2:31)
እራት የበላችው 1:15 ላይ ነው። ካርዷ ላይ «ከምግብ በኋላ 2 ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል፣ ስለዚህ ልክ 2 ሰዓት ሲል ለካኋት። ክኒኑ ሜትፎርሚን 500 ይላል፣ ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር። የማታውን ወስዳለች። የጠዋቱን ግን ጾሙ ከገባ ጀምሮ ትታዋለች፣ እስከ 9 ሰዓት እህል ስለማትቀምስ። አያስመልሳትም። ማር ደግሞ አልበላችም አልኳችሁ፣ ከእራት በኋላ ከጎረቤት ጋር ሰፈፉን ስትለይ ነበር እንጂ።

ደጀን ላይ ነኝ (2:32)
ሰፈፉን ስትለይ!!! እናትህ ባትበላም ጣቷ በልቷል።

ደጀን ላይ ነኝ (2:33)
ቆይ ቆይ። «2 ሰዓት» የሚለውን ከምሽቱ 2 ሰዓት መስሎህ ነው? ወይኔ ሆዴን አመመኝ።

እታለም ነርሷ (2:38)
አትሳቁበት፣ በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኔ የምሠራበት ቦታ አንድ አባት ምሳቸውን በ6 ሰዓት በልተው «2 ሰዓት ተብያለሁ» ብለው እስከ ማታ ጠብቀው ለክተዋል።

ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ተደርቦብሃል። አንደኛው ሰዓቱ ነው። ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምረህ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆጥረህ ነው የምትለካው። በ45 ደቂቃ ከለካህ ስኳሩ ገና አቀበቱ ላይ ነው፣ ከፍ ብሎ ቢታይ አይግረምህ። ሁለተኛው ማሩ ነው። ጣት ላይ ለዓይን የማይታይ ማር ቢኖር እንኳ ከደሙ ጋር ይቀላቀልና ቁጥሩን ይሰቅለዋል። አልኮል በጨረፍታ ማስነካት ማር አያስለቅቅም። በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ እጃቸውን ይታጠቡ፣ በደንብ ያድርቁ፣ የጣታቸውን ጎን ውጋ፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ ጠርገህ በሁለተኛዋ ለካ። ጣቱን እንደ ሎሚ አትጭመቀው። 3:15 ላይ ለክተህ ጻፍልን።

አዴት (2:41)
እጃቸውን ይታጠቡና እንደገና ለካ። ማር ሊሆን ይችላል።

ደጀን ላይ ነኝ (2:42)
አዴት፣ ከላይ ያለውን ማንበብ ክልክል ነው እንዴ?

ሰከላ (2:50)
እኔ እነዚህን ማሽኖች አላምንም። ደም ከክንድ ተወስዶ ላቦራቶሪ ካልታየ ሁሉም ግምት ነው።

እታለም ነርሷ (2:55)
ግምትነቱስ ልክ ነው። ደህናው ማሽን ራሱ እስከ 15 በመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊል ይችላል። 200 ካለህ እውነቱ ከ170 እስከ 230 አካባቢ ነው። ግን ቤት ውስጥ አካሄዱን ለማየት ይበቃል። ስትሪፑ፣ ማለትም ደሙ የሚነካበት ቀጭን ወረቀት፣ ቀኑ ያለፈበት እንዳይሆን ብቻ ብልቃጡን እዩት፣ ክዳኑንም ክፍት አትተዉት፣ እርጥበት ያበላሸዋል።

የቡሬው ልጅ (3:19)
ታጥባ ለካኋት። 204። እየተቆጣችኝ ነው፣ «ጣቴን ወንፊት አደረግኸው» እያለች። አሁንስ?

እታለም ነርሷ (3:24)
እሰይ። ስኳር ላለባቸው ሰዎች በዚህ ሰዓት ከ180 በታች ቢሆን ነው የሚፈለገው፣ ስለዚህ 204 ትንሽ አልፏል። ግን በሌሊት ባጃጅ የሚያስፈልግ ነገር አይደለም። ይተኙ። ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ፈጣንና ከባድ ትንፋሽ፣ መፍዘዝ ወይም መቃዠት ካየህ ግን ቁጥሩ ስንትም ይሁን አትጠብቅ፣ ጎረቤት ቀስቅሰህ ውሰዳቸው። እጅ ታጥቦ ተለክቶ ደጋግሞ ከ300 በላይ ካለም እንዲሁ።

እኔን ያሳሰበኝ 204ቱ አይደለም፣ የጠዋቱ ክኒን ነው። ነገ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ በጾሙ ምክንያት እንዳቆሙት ንገሯቸው፣ ሰዓቱን ያስተካክሉላቸዋል። በራሳችሁ አትቀያይሩ። የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየውን የደም ምርመራም ጠይቁ፣ የአንድ ማታ ቁጥር ከሚነግራችሁ በላይ እሱ ይናገራል።

ጡረተኛው መምህር (3:30)
የንስሐ አባታቸውንም ያነጋግሩ። ለታመመ ሰው ሰዓት ይቀነሳል፣ እኔም ተፈቅዶልኛል። ሌላው፣ ጎመኑንና ሽሮውን አስቀድመው ቢበሉ፣ እንጀራውን ወደ ኋላ ቢያደርጉት፣ ድንቹን ቢቀንሱት ለውጥ አለው። ከእራት በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ግቢው ውስጥ ወዲህ ወዲያ ማለትም እንዲሁ። እኔ በረቱን ሦስቴ እዞራለሁ፣ ላሞቹ ለምደውኛል።

ግራዋ ይፈውሳል (3:33)
ግራዋውን ግን ሞክሩት።

እታለም ነርሷ (3:35)
ክኒኑን ጥለው ግራዋ የያዙ ሰዎችን ሁለት ሳምንት ቆይተው በቃሬዛ ሲመጡ ተቀብያለሁ። ተወኝ።

ዳንግላ 07 (3:41)
ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። የኔ ማሽን ከእራት በኋላ 9.8 ነው የሚለው። ስኳሬ ወርዶ ልሞት ነው እንዴ? ማር ልላስ?

ዳሞት (3:44)
እንዳትልስ! ያንተ ማሽን መለኪያው ሌላ ነው፣ ሚሊሞል ይባላል። ቁጥሩን በ18 አባዛው፣ 176 አካባቢ ይመጣል። ወረደ የሚባለው እዚያ ላይ ከ3.9 በታች፣ በእነ ቡሬው ማሽን ደግሞ ከ70 በታች ሲሆን ነው። ያኔ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወይም ማር፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት።

ደጀን ላይ ነኝ (3:46)
እጅህን ታጠብ፣ ዳንግላም ማር አለ።

ዳሞት (በማግሥቱ ጠዋት 1:20)
የቡሬው፣ ነጋ። ባዶ ሆዳቸውን ስንት አለ?

አዴት (ጠዋት 4:05)
ታጥበው ነው የተለኩት?

እታለም ነርሷ (ከቀኑ 7:30)
የቡሬው ልጅ፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ?

ደጀን ላይ ነኝ (ማታ 2:00)
እስካሁን ዝም ነው። መብራት ጠፍቶበት ስልኩ ዘግቶ ይሆናል። ወይ ደግሞ «ከ2 ሰዓት በኋላ ጻፍልን» ያልነው መስሎት እየጠበቀ ነው።