ጥቆማ፦ ሰርቦ ላለ በቆሎ ኮምባይነር ይምጣ ወይስ መፈልፈያ?

ጥያቄው ይህ ነበር፦ «ሰላም የጅማ ልጆች። ሰርቦ አካባቢ የአባቴና የአጎቴ 2 ሄክታር በቆሎ ደርሷል። የቀን ሠራተኛ ጠፋ። ደላላው ‹ኮምባይነር በሰዓት ከ2 ሄክታር በላይ ያነሳል፣ ለቁርስ ትደርሳላችሁ› ይለናል። የሞከራችሁ እስቲ ጠቁሙን።»

ወንድሜ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ። አንዴ ተቃጥያለሁ፣ አንዴ ደግሞ እሰይ ብያለሁ።

ከደላላው ሂሳብ ልጀምር። ሰውዬው አልዋሸም። የማሽኑ የፊት አጫጅ ስፋት በሜትር፣ ሲባዛ በፍጥነቱ፣ ሲካፈል ለ10፤ በሰዓት ስንት ሄክታር እንደሆነ ይወጣልሃል። ባለ 6 መስመር አጫጅ፣ በመስመር መሃል 75 ሳንቲም ከተዘራ፣ 4.5 ሜትር ያነሳል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 2.25 ሄክታር። ግን ይህ ሳይዞር፣ ሳያራግፍ፣ አገዳ ሳያንቀው ሲሄድ ነው። ሰፊ ማሳ ላይ እንኳ ከዚህ 70 በመቶውን ካገኘህ ጎበዝ ኦፕሬተር ይዘሃል ማለት ነው።

የኛ ማሳ ደግሞ ሌላ ነው። ግማሽ ሄክታር፣ 50 በ100 ሜትር መሬት እናስብ። ባለ 4 መስመር፣ ማለትም 3 ሜትር የሚያነሳ ማሽን በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ይሂድ። በረጅሙ ጎን ከሄደ 17 ምልልስ ነው፤ አንዱ ምልልስ ደቂቃ ተኩል፣ አንዱ መዞር ደግሞ አንድ ደቂቃ ብንል ወደ 42 ደቂቃ ይፈጃል። በአጭሩ ጎን ከሄደስ? 34 ምልልስ፣ 33 መዞር፣ ወደ አንድ ሰዓት። መሬቱ ያው፣ በቆሎው ያው፤ የተቃጠለው ናፍጣ ግን ለመዞር ነው። ስለዚህ ስትዘሩ መስመሩን በረጅሙ ጎን አድርጉት። ዳር ዳሩን ደግሞ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት በእጅ ስበሩለት፣ አለዚያ ሲዞር ይጨፈልቀዋል።

አሁን የተቃጠልኩበት። ስንዴ ሲያጭድ የከረመ ማሽን መጣ፣ አጫጁም የስንዴው ነበር። እኔ ምን አውቄ! አገዳውን ከነሙሉ ቁመቱ እየዋጠ ሁለት ጊዜ ታነቀ። የመውቂያውን ፍጥነትም አላወረዱትም። ስንዴ በደቂቃ ወደ 800 ዙርና ከዚያም በላይ ሲፈልግ፣ በቆሎ ከ300 እስከ 500 ይበቃዋል። ጆንያው ውስጥ እጄን ስከት ግማሹ ፍሬ የተሰነጠቀ፣ ቆረቆንዳው ደግሞ የተፈጨ። ነቀዝ እንዲህ ያለውን ይወዳል። ስለዚህ ከዋጋ በፊት «የበቆሎ አጫጅ አላችሁ?» በል። ካላቸው የስንት መስመር፣ በስንት ሳንቲም ርቀት እንደሆነ ጠይቅና ከማሳህ ጋር አስተያይ።

ማሽኑ 20 ሜትር እንደሄደ አስቁመውና ከኋላው አንድ ካሬ ሜትር ላይ የፈሰሰውን ፍሬ ቁጠር። ኦፕሬተሩ ይነጫነጫል፣ ይነጫነጭ። 20 ፍሬ ካገኘህ በሄክታር ወደ 60 ኪሎ መሬት ላይ ቀርቷል። የወደቀ ሙሉ ራስ በቆሎ ካየህ ችግሩ ከፊት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከፍጥነት። ቀስ ይበል። ቢኤች 660 እና 661 የሚባሉት የበቆሎ ዝርያዎች ደግሞ ቁመተ ረጅም ናቸው፣ ነፋስ ካጋደማቸው አጫጁ አያነሳቸውም፤ ከኋላ ለቃሚ ያስፈልግሃል።

መፈልፈያውስ? ለግማሽ ሄክታር እኔ እሱን ነው የምመርጠው። ሞተሩ እደጃፍህ ይመጣል፣ አገዳው ለከብትና ለአጥር ይቀርልሃል፣ ቆረቆንዳው ማገዶ ይሆናል። እዚሁ ጅማ ያለው የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል በበቆሎ መፈልፈያ ላይ ሲሠራ የቆየ ነው፣ ሄዶ መጠየቅ አይከፋም። በሰዓት ስንት ኩንታል እንደሚፈለፍል ግን በወሬ አትመን። አንድ ጆንያ አስሞላና ሰዓት ያዝ። አንድ ነገር ልብ በል፦ መስበሩ፣ መሸልቀቁና መሸከሙ አሁንም የሰው ጉልበት ነው። ሠራተኛ ከጠፋ መፈልፈያ ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ደቦ የሚጠራ ጎረቤት ካለህ ግን ይበቃሃል።

ከስር አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ እህል እገዛለሁ። ኮምባይነር ያነሳው በቆሎ ብዙ ጊዜ እርጥብ ሆኖ ነው የሚመጣልኝ። ከላይ ደረቅ ይመስላል፣ ጆንያው መሃል እጅሽን ስትከቺ ይሞቃል።»

እውነቷን ነው። ማሽኑ 20 በመቶ እርጥበት ያለውንም ያለችግር ያነሳል፤ አየር የማያስገባው ከረጢት ግን 13 በመቶና ከዚያ በታች ይፈልጋል። መለኪያ ከሌለህ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ደረቅ ጨውና በቆሎ ጨምረህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነቅንቅ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ ገና ነው፤ ካልተለጠፈም ከ15 በመቶ በታች ወርዷል ማለት ብቻ ነው፣ ለከረጢቱ ትንሽ ጨምረህ አድርቀው። ኮምባይነር ከመጥራትህ በፊት ሸራ አዘጋጅ፤ ያ ሁሉ እህል በአንድ ጠዋት ወርዶ ኅዳር ላይ ድንገት ዝናብ ቢመጣ የት ታስገባዋለህ?

ለአንተ ጉዳይ፦ የአባትህና የአጎትህ መሬት ተያይዞ ከሆነ፣ በመሃሉም ቦሎቄ ካልተዘራ፣ ኮምባይነሩን ጥራ፤ ክፍያውንም በኩንታል ተስማማ። መሬት ላይ ለሚጥለው ፍሬ ስለማትከፍለው ኦፕሬተሩ ትንሽ ይጠነቀቃል። በመሃል አጥር ወይም ቦይ ካለ ግን ደላላውን አመስግነህ ሸኘው። ለማንኛውም ማሳውን በእርምጃ ለካና ርዝመትና ስፋቱን እዚህ ጻፍልን፣ አብረን እናስላው።