«በላይዋ ላይ አገባባት»፦ ጣውንት፣ ደረበ፣ ዕቁባት

ቦርከና ማዶ፦ ሰላም ለቤቱ። ኮምቦልቻ ቡና ላይ የተነሳ ክርክር አላልቅ ብሎናል። እኔ «ጣውንት ኋላ የመጣችው ሚስት ናት» አልኩ። አክስቴ «ፊተኛዋም ጣውንት ናት» ብላ ድርቅ አለች። ማናችን ነን ልክ? ደግሞስ ብዙ ባል ያላት ሴት ምን ትባላለች?

የጦሳ ሥር፦ አክስትሽ ልክ ናቸው፣ ቡናውን ድገሚላቸው። ጣውንትነት እንደ ጉርብትና ነው፤ እሷ ጣውንትሽ ከሆነች አንቺም ጣውንቷ ነሽ። ቀድሞ መምጣት አያስጥልም። በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 ሐናን የምታበሳጫት ፍናና «ጣውንትዋ» ተብላለች። ልብ በይ፣ ወንዱ ጣውንት የለውም። ጣውንት ያላት ሚስቲቱ ናት። ዐረብኛው ለጣውንት «ዳርራ» ይላል፤ ሥሩ ከጉዳት ጋር አንድ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ግሡ ነው። «አገባላት» አይባልም፣ «አገባባት» እንጂ። ያቺ «ባ» እንደ «ዘነበባት» እና «ሞተባት» ናት፤ ነገሩ የደረሰው በማን ላይ እንደሆነ ትናገራለች። «ደረበባት» ስንልም ያው ነው። ሕጉ ሳይቀር ከዚህ አልወጣም፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 650 «በጋብቻ ላይ ጋብቻ» ይለዋል። «ላይ» የምትለው ቃል ከጓሮ እስከ ችሎት ተከትላው ሄዳለች።

ሸዋ በር፦ ጥሩ ብለሃል፣ ግን አንቀጽ 651ን ዘለልካት። ሕግ እውቅና በሰጠው ሃይማኖት ወይም ልማድ የተፈጸመ ከሆነ ቅጣቱ አይመለከተውም ይላል። ወሎ ውስጥ ደግሞ አንዱ አጎት ሙስሊም፣ ሌላው ክርስቲያን የሆነበት ቤት ሞልቷል። አንዱ ጋ ቁርኣን እስከ አራት ፈቅዶ፣ ፍትሕ እንዳያጓድል የፈራ ግን በአንዲት ይወሰን ይላል። ሌላው ጋ ፍትሐ ነገሥት ከአንዲት በላይ አይፈቅድም። ያም ሆኖ በድሮ መኳንንት ቤት ዕቁባት አልጠፋችም። ቃሉ «ዐቀበ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው፤ ጠበቀ፣ አስቀመጠ እንደማለት። አማርኛችንም «ቅምጥ» ሲል ያንኑ ደገመው።

የጦሳ ሥር፦ እውነት ነው፣ 651ን ማንሳት ነበረብኝ። ግን ሁሉን ነገር ለሃይማኖት አንስጠው። ጆርጅ መርዶክ የሚባል አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ (አንትሮፖሎጂስት) ከ1,200 በላይ ማኅበረሰቦችን መዝግቦ ነበር። ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆኑት ብዙ ሚስት ማግባትን በሆነ መልኩ ይፈቅዳሉ። እዚያም ቢሆን አብዛኛው ወንድ አንድ ሚስት ብቻ ነው ያለው። መፈቀድ ሌላ፣ መቻል ሌላ።

ኤስተር ቦሴሩፕ የምትባል ኢኮኖሚስት በ1970 (እ.ኤ.አ.) ነገሩን ከእርሻ ጋር አያያዘችው። መሬቱ በመቆፈሪያ በሚታረስበትና ብዙውን ሥራ ሴቶች በሚሠሩበት አገር፣ አንዲት ሚስት መጨመር ማሳ መጨመር ነው። ማረሻ ባለበት ግን አራሹ ወንዱ ነው፤ ሚስት ብትጨመር ማሳው አይሰፋም። የኛ ደጋ ደግሞ የበሬ አገር ነው። ጥማድ ያልሞላለት ገበሬ የሚያልመው ሁለተኛ ሚስት ሳይሆን ሁለተኛ በሬ ነው። እኔ ይሄ ያሳምነኛል።

ቦርከና ማዶ፦ የብዙ ባሉንስ ረሳችሁት?

ሸዋ በር፦ በመርዶክ መዝገብ ብዙ ባል የተለመደባቸው ማኅበረሰቦች አራት ብቻ ናቸው። በኋላ ሲፈለግ ግን ሌሎችም ተገኝተዋል። የሚጠቀሰው ቲቤት ነው፤ ወንድማማቾች አንዲት ሴት አግብተው በአንድ ቤት ይኖራሉ። ምክንያቱ መሬት ነው። እያንዳንዱ ለየብቻ ጎጆ ቢወጣ ያቺው ጠባብ ማሳ ተቆራርሳ ታልቃለች። እኛ ዘንድ ለዚህ የሰፈር ቃል አልተሠራም፤ «ባለ ብዙ ባል» ብሎ ከመግለጽ ውጭ መንገድ የለም። ወንድም ሲሞት ሚስቱን ማግባት ግን ስም አለው፣ «የውርስ ጋብቻ»። ኦሪት ዘዳግም 25 ላይም አለ። ሚስት ሞታ እህቷን ማግባት ደግሞ «የምትክ ጋብቻ» ይባላል። እነዚህን ከደረበ ጋር አትቀላቅይ።

ቦርከና ማዶ፦ አክስቴ አሁን አጠገቤ ናት። «የጣውንት ልጆችስ ምን ይባባላሉ በያቸው» ትላለች።

የጦሳ ሥር፦ «በአባት ወንድሜ ነው»፣ «በአባት እህቴ ናት»። «የእንጀራ እናት» የሚባለው ግን የራስ እናት ሞታ ወይም ተፈታ በቦታዋ ለተተካችው ነው። ሁለቱም እናቶች በየጎጇቸው ካሉ፣ እኛ ሰፈር ልጁ የሚላት «እትዬ» ብቻ ነው።