«መፀውን ማድረቅ» ይባላል?

ፊደል ቆጣሪ፦ ወዳጆች፣ አንድ ቃል ላይ ተቸክያለሁ። ስለ ሁዋንግሊንግ እየተረጎምኩ ነው። በቻይና ጂያንግሺ ክፍለ ሀገር፣ ውዩዋን ወረዳ፣ ተራራ ወገብ ላይ የተለጠፈች መንደር ናት። ዕድሜዋ ከ500 ዓመት ያልፋል። ቁልቁለት ስለሆነ እህል የሚዘረጋበት ሜዳ የለም። ስለዚህ ሰዉ ከላይኛው ፎቅ መስኮት ረጃጅም እንጨት ያወጣና ክብ የቀርከሃ ሰፌድ ይደረድርበታል። ሰፌዱ ላይ ቀይ በርበሬ፣ በቆሎ፣ ዱባ፣ ለሻይ የሚሆን ቢጫ አበባ። ልማዱን «ሻይ ጪዩ» ይሉታል። (የሚጠጣው ሻይ አይደለም፤ እሱ በእነሱ «ቻ» ነው።) «ሻይ» ፀሐይ ላይ ማድረቅ፣ «ጪዩ» መፀው። «መፀውን ማድረቅ» ብዬ ጻፍኩት፤ አልጥም አለኝ።

ስጥ ጠባቂ፦ ልጄ፣ «ማስጣት» እያለልህ ማድረቅ ምን አመጣው? እኔ የእናቴን የበርበሬ ስጥ ስጠብቅ ነው ያደግሁት። ዱላ ይዤ ዶሮ አባርር ነበር፤ እያስነጠሰኝ። ማስጣት ሥራው ነው፤ መድረቅ ውጤቱ።

የግዕዝ ተማሪ፦ እትዬ ልክ ነዎት። ግዕዙ «ሰጥሐ» ነው፤ ዘረጋ ማለት። አማርኛው «ሐ»ን ስለዋጣት ዛሬ «በርበሬ ይሰጣል» ተብሎ ሲጻፍ ሊታደል ይሁን ሊደርቅ አይለይም። ዓረብኛው ግን ይዟታል፤ «ሰጥሕ» ጣሪያ ነው። ከጣሪያ ጎን ለሚያሰጣ መንደር እንዴት ይገጥማል!

ፊደል ቆጣሪ፦ እሺ፣ ማስጣት። «ጪዩ»ስ? አንዳንዱ «ፀደይ» ይለዋል።

የግዕዝ ተማሪ፦ ኧረ በጭራሽ! ፀደይ ከመጋቢት 26 በኋላ ነው። መፀውም ቢሆን በልኩ አይገጥምም። የእኛ መስከረም 26 ይገባል፤ የእነሱ ጪዩ በጥንቱ አቆጣጠር ነሐሴ መጀመሪያ ገብቶ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይወጣል። የ«ጪዩ»ን የቻይና ፊደል ብታየው የእህልና የእሳት ምልክት ተጣምረው ነው። ስለዚህ እኔ «መኸር» እላለሁ። ወቅትም ነው፣ አዝመራም ነው። «መኸር ማስጣት»።

ቤጂንግ የተማርኩት፦ ይቅርታ ልግባ። «ሻይ» ሌላም ፍቺ አለው። ከእንግሊዝኛው «ሼር» ጋር በድምፅ ስለሚቀራረብ ኢንተርኔት ላይ መለጠፍ፣ ለሰው ማሳየት ሆኗል። የልጁን ፎቶ በየቀኑ የሚለጥፍ ወላጅ «ሻይ ዋ» ያደርጋል ይባላል፤ ልጅ ያሰጣል እንደማለት።

ስጥ ጠባቂ፦ እኛስ «ገመናውን አደባባይ አሰጣው» እንል የለ? ሳቄን አመጣኸው።

ቤጂንግ የተማርኩት፦ እሱን ልል ነበር። ዛሬ የሁዋንግሊንግ ነዋሪ አብዛኛው ወደ ተራራው ግርጌ ወርዷል። መንደሯን የቱሪዝም ድርጅት ያስተዳድራታል፤ ጎብኚው በኬብል ካር ይወጣል። ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ ሊሠሩ እየወጡ ያሰጣሉ። በርበሬው ለወጥ ይሁን ለካሜራ መለየት ይቸግራል። በእኔ በኩል አስመሳይነት ነው ብዬ አልፈርድም፤ ሰፌዱም እጁም ያው ነው። ብቻ «ማድረቅ» ብትለው ይህ ሁሉ ይቀርብሃል። «ማስጣት» ሁለቱንም ይይዛል።

ፊደል ቆጣሪ፦ «መኸር ማስጣት» ሆነ። አመሰግናለሁ።

ስጥ ጠባቂ፦ ቆይ፣ ዶሮውን ማን ያባርራል?

ቤጂንግ የተማርኩት፦ እትዬ፣ ፎቅ ላይ ነው እኮ።