«ሳይዘንብ» በእንግሊዝኛ ለምን «አይዘንብም» አይሆንም? እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ የምኖር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሁለት ዓረፍተ ነገር በመስተጻምር አያይዤ በእንግሊዝኛ ስጽፍ ተቸግሬአለሁ።

እዚህ ዝናቡ አያስተማምንምና እናቴ «ሳይዘንብ በፊት ቡናውን አንሱ» ትለናለች። ይህንኑ «ቢፎር ኢት ዳዝ ኖት ሬይን» ብዬ ጻፍኩት፤ መምህራችን «ኖት» የሚለውን አውጣው አሉኝ። «ካላጠናህ በስተቀር አታልፍም» የሚለውንም «አንለስ ዩ ዶንት ስተዲ» ስል ተሳሳትኩ። «አንለስ» አሉታውን በውስጡ ይዟል፣ ይህ ገብቶኛል። «ቢፎር» ግን በውስጡ አሉታ የለውም፤ ታዲያ የእኛ «ሳይ» ወዴት ሄደ? ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ።

«ቢዘንብም ግን ሄድን» እንደምንለው «ኦልዞው» እና «በት» አብሬ መጻፌም የመምህሩን ቀይ ምልክት አስገብቶብኛል። አንዱ ብቻ እንደሚበቃ አሁን አውቃለሁ።

ኮማውስ? «ቢኮዝ» ሲቀድም በሁለቱ ሐረጎች መካከል ይገባል፣ መሃል ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይገባም። «ኦልዞው» መሃል ሲመጣ ኮማ ያየሁበት ጊዜ አለ፤ ለምን እንደሚለይ አልገባኝም።

በተለይ «እስኪ»ን እና «ሳይ»ን ወደ እንግሊዝኛ የምትመልሱበትን መንገድ ከነምሳሌው ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።