ስቲም፣ ሳውናና ማሳጅ ቤት በቤተሰብ ልንከፍት ነው፤ ከመጀመራችን በፊት ምን እናስተካክል?

እንጦጦ_ሥር፦
ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድማችን ከወገብ ዲስክ ሕመም በፊዚዮቴራፒና በእንቅስቃሴ ስላገገመ፣ ቤተሰቡ ለሌላውም ሰው የሚሆን ቤት እንክፈት ብሎ ተስማምቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ምድር ላይ ያለ 110 ካሬ የኪራይ ቤት ይዘናል። የታሰበው አንድ ሳውና (2 በ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 2.2)፣ አንድ ስቲም (1.5 በ 2)፣ ሁለት የማሳጅ ክፍልና አንድ የእንቅስቃሴ አዳራሽ ነው። እህቴ የወይባ ጭስም ይግባ ትላለች። ቆጣሪው ባለ አንድ ፌዝ ነው፤ ይችላል? ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ እንጨቱን በቀጥታ እላዩ ላይ መምታት ይቻላል? ማስታወቂያው ላይ «ፊዚዮቴራፒ» ብለን ብንጽፍስ?

ሽቦና_ፌዝ፦
እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ሌላው ሁሉ የሚቆመው መብራቱ ላይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። የሳውናችሁ ክፍል 8.8 ሜትር ኩብ ነው። በደንብ ለተሸፈነ ክፍል በግምት ለ1 ሜትር ኩብ 1 ኪሎዋት ይታሰባል፤ ስለዚህ 9 ኪሎዋት ማሞቂያ ያስፈልጋችኋል። ይህ በአንድ ፌዝ ብቻውን 41 አምፔር ይስባል። ስቲሙን 6 ኪሎዋት፣ ሁለት ቦይለር 4 ኪሎዋት ብላችሁ ስትደምሩት 86 አምፔር ገደማ ይደርሳል። አይሞከርም። ባለ 3 ፌዝ ቆጣሪ አሁኑኑ አመልክቱ። በ3 ፌዝ ሳውናው በየፌዙ 14 አምፔር ብቻ ስለሚወስድ በ16 አምፔር ብሬከርና በ5 በ2.5 ገመድ (ባለ 5 ሽቦ፣ እያንዳንዱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር) ይሄዳል። ሳውናው ውስጥ የሚገባው ገመድ ግን ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ገመድ ይሁን፤ ተራው ፕላስቲክ ሽፋን ይቀልጣል። የእርጥበት ክፍሎቹ መብራት 12 ቮልት ይሁንና ሰው ከመያዙ በፊት በ30 ሚሊአምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ መከላከያ ይግባበት።

ብሎኬት ላይ በቀጥታ እንጨት መምታት ትልቅ ኪሳራ ነው። ባዶ ብሎኬት ሙቀት ይጠጣል፤ 1 ካሬ ያልተሸፈነ ግድግዳ 1.2 ሜትር ኩብ ተጨማሪ ክፍል እንደማሞቅ ይቆጠራል። አራቱ ግድግዳዎቻችሁ 17.6 ካሬ ናቸው፤ ስለዚህ ያ 9 ኪሎዋት ማሞቂያ 30 ሜትር ኩብ ሊያሞቅ ሲታገል ይውላል፣ 80 ዲግሪም አይደርስላችሁም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በቋሚ እንጨቶች መሐል ሮክ ውል የሚባለው ሙቀት የሚያግድ የድንጋይ ሱፍ (ግድግዳው ላይ 5 ሳንቲም፣ ጣሪያው ላይ 10)፣ ከዚያ የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ውስጥ የዞረ አሉሚኒየም ፎይል፣ መጋጠሚያው ሁሉ በአሉሚኒየም ቴፕ የታሸገ፣ ቀጥሎ 2 ሳንቲም የአየር ክፍተት፣ መጨረሻ ላይ ቋጠሮና ሙጫ የሌለው እንጨት። ፎይሉ ከተዘለለ እንፋሎቱ ሮክ ውሉ ውስጥ ገብቶ ያረጥበዋል፤ ሳታዩት ከኋላ ይበሰብሳል። የመቀመጫው ብሎን ከሥር ይታሰር፤ ከላይ የታየ ብረት ገላ ያቃጥላል። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፣ ቁልፍ ጨርሶ አይኑረው። የወንዝ ድንጋይ ለቅማችሁ ማሞቂያው ላይ አትደርድሩ፤ ውስጡ ውሃ ስላለ በሙቀት ሊፈነዳ ይችላል።

ስቲሙ ላይ ደግሞ የጂፕሰም ጣሪያ እንዳታስገቡ። ከተማው ሁሉ ጂፕሰም ስለሆነ ሠራተኛው ሳይጠይቅ ይሰቅለዋል፣ እርጥበቱም ይጥለዋል። ጣሪያው ጭምር ከሴራሚኩ ሥር ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ይቀባ። ለ1 ሜትር 5 ሳንቲም ያህል ያዘንብል፤ አለዚያ የጤዛው ጠብታ ደንበኛው ላይ ይወርዳል። ሙቀቱ ከ43 እስከ 46 ዲግሪ ይበቃል። የእንፋሎት ቧንቧው ላይ መዝጊያ አይገጠምም፣ ግፊት ይጠራቀማል። የምትጠቀሙት የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ኖራው ማሞቂያውን ይጋግረዋል፤ በየማታው ጋኑን ባዶ አድርጉ፣ ሲጋገርም በሲትሪክ አሲድ እጠቡት።

ወገብ_ደህና፦
የማስታወቂያው ጥያቄ ላይ ልጨምር። ፊዚዮቴራፒ የጤና አገልግሎት ነው፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያና የጤና ተቋም ፈቃድ ይጠይቃል፣ አዲስ አበባ ላይ የከተማው ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጋ ይሄዳል። ያንን ሳትይዙ «ስቲም፣ ሳውና፣ ማሳጅና የሰውነት እንቅስቃሴ» ብላችሁ ብቻ ጻፉ። «ዲስክ እናድናለን» የሚል ቃል ጨርሶ አይውጣ። ወንድማችሁን ያሻለው ክትትልና እንቅስቃሴ ነው፤ ሙቀቱ ጡንቻ ያላላል፣ ዲስክ አይመልስም።

እንግዳ መቀበያው ላይ አንድ ገጽ ቅጽ ይኑር፦ እርግዝና፣ የቅርብ ጊዜ የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የሚጥል በሽታ፣ ትኩሳት። ስኳር ሕመምተኛ እግሩ የደነዘዘ ከሆነ ሲቃጠል ላይሰማው ይችላል። የጠጣ ሰው በትህትና ይመለስ። አንድ ዙር ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ሲነሳም ቀስ ብሎ፣ ምክንያቱም ሙቀት ደም ሥር ስለሚያሰፋ ግፊቱ ወርዶ ሰው ሊወድቅ ይችላል።

ለማሳጅ ሠራተኞቻችሁ ይህን በቃል አስጠኗቸው፦ ወገቡን የሚያመው ሰው ብልቱና መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ወይም እግሩ ከከዳው ማሳጅ አይደረግለትም፤ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ይሂድ። አንድ ባቱ ብቻ ያበጠና የሞቀ ሰውም አይታሽም፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል።

ጭስና_ፎጣ፦
እህትሽ ስለ ወይባው ያለችው ጥሩ ነው፤ ደንበኛ አለው፣ በተለይ አራሶችና ሙሽሮች። ግን ከስቲሙ ጋር አየር የማይጋራ የራሱ ክፍል ይሁን። ከሰል ፍም ሆኖም ሽታ የሌለው መርዝ ጋዝ ያወጣል፤ ውጭ ስለተቀጣጠለ ብቻ ንጹሕ አይሆንም። ጉድጓዱ ወደ ጣሪያ የሚወጣ ጭስ መውጫ፣ ክፍሉም ከላይና ከታች የማይዘጋ መስኮት ያስፈልገዋል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ካለ ቶሎ ወደ ውጭ። ነፍሰ ጡርና አስም ያለባት አትግባ። የባሕር ዛፍ ዘይትም ሳውናው ድንጋይ ላይ በቀጥታ አይፈስም፣ እሳት ይይዛል፤ ጥቂት ጠብታ ውሃ ውስጥ ይበቃል።

ፎጣውን በ60 ዲግሪ እጠቡ። የማሳጅ ዘይት የቀረበት ፎጣ ከማድረቂያ ትኩሱን ወጥቶ ከተከመረ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙት። ውሃ በፈረቃ ከሆነ በቀን 25 ሰው በ50 ሊትር 1,250 ሊትር ነው፣ እጥበቱ ሳይቆጠር። ለሁለት ቀን 3,000 ሊትር ሮቶ ግዙ፤ ሲሞላ 3 ቶን ስለሚመዝን ጣሪያው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ አስቀምጡና በፓምፕ ግፉት።

እንጦጦ_ሥር፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ባለ 3 ፌዙ ቢዘገይ በስቲሙ ብቻ ብንጀምርስ?

ሽቦና_ፌዝ፦
በአዳራሹና በማሳጁ ጀምሩ፣ ስቲሙም ይቆይ። አሁን ግን የ3 ፌዙን ገመድ ማለፊያ ቱቦ ቅበሩ፣ የሁለቱንም ክፍል የወለል ፍሳሽና የስቲሙን ውሃ መከላከያ ጨርሱ። ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ቱቦ ማስገባት ማለት መከላከያውን ሰብሮ እንደገና መሥራት ነው።