በበለስ ጭማቂ የጾም ኬክ መጋገር

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ክረምት ሲገባ በለስ በየመንገዱ ዳር ይሸጣል፤ ይሁንና ልጠን ከመብላት አልፈን ሌላ ነገር ስንሠራበት አላየሁም። ለፍልሰታ ጾም ያለ እንቁላልና ያለ ወተት፣ ከፉርኖ ዱቄት፣ ከዘይትና ከበለስ ጭማቂ ኬክ ለመጋገር አስቤአለሁ። የብርቱካን ጭማቂ የሚገባበትን የጾም ኬክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በለስ ግን ጣፋጭ እንጂ ኮምጣጣ አይደለም፣ ውስጡም በጠጣር ፍሬ የተሞላ ነው፤ ስለዚህ በብርቱካኑ ቦታ እንዲሁ መተካቱ ብቻውን የሚበቃ አይመስለኝም። ፍሬውን እንዴት ላስወግደው? የቀዩ በለስ ቀለምስ እሳት ይችላል ወይ? የምታውቁ ብትመክሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፣ ከቆቦ፦
እህቴ፣ ጥሩ ነገር አስበሻል። ከሁሉ አስቀድሞ እሾሁን ተጠንቀቂ፤ የሚያስቸግረው ትልቁ ሳይሆን ዓይን በቅጡ የማያየው፣ እንደ ጸጉር የቀጠነው ነው። እኛ ዘንድ በለሱን ሣር ላይ ዘርግተን፣ ቅጠል ባለው ጭራሮ ደጋግመን እየጠረግን እናገላብጠዋለን፤ ከዚያ ውኃ ውስጥ እናጥበዋለን። ሁለቱን ጫፎች ቆርጠሽ ልጡን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ብትሰነጥቂው፣ ወፍራሙ ልጥ በጣት ተገልጦ ይወጣል።

ብሌንደር ውስጥ አትጨምሪው። ፍሬው ተሰባብሮ ከጭማቂው ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ብታጠልዪው ኬኩ ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። በእጅሽ ጨፍልቀሽ፣ በወንፊት ላይ በማንኪያ ጀርባ እያሸሽ አጥልዪው። ንፍጥ መሰል ዝልግልግነቱ አያስደንግጥሽ፤ እንቁላል በሌለበት ሊጥ ውስጥ እርጥበት ስለሚይዝ እንዲያውም ይጠቅማል።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፣ ኬክ ጋጋሪ፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ስለ ማስነሻው ልጨምር። የብርቱካኑ ኬክ በቤኪንግ ሶዳ የሚነሣው ብርቱካኑ ራሱ አሲድ ስላለው ነው። በለስ አሲዱ በጣም ትንሽ በመሆኑ ሶዳው የሚያስነሣው አጥቶ ሊጡ ውስጥ ይቀራል፣ የሳሙና ዓይነት ጣዕም ይሰጣል፣ የቀዩንም በለስ ቀለም ወደ ቡናማ ይለውጠዋል። ስለዚህ ሶዳውን ትተው ቤኪንግ ፓውደር ይጠቀሙ፤ የአንድ ሎሚ ጭማቂም ይጨምሩ። ሎሚው ጣፋጩን ያስተካክላል፣ ቀለሙንም በተወሰነ ደረጃ ይጠብቃል።

መጠኑ 2 ኩባያ ዱቄት፣ ከ1 ኩባያ ትንሽ ያነሰ ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ 1 ኩባያ የተጠለለ ጭማቂና ቁንጥር ጨው ይሁን። ቤኪንግ ፓውደሩን በቆላ አገር 2 የሻይ ማንኪያ የሚያደርጉ ከሆነ፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች 1 ተኩል ይበቃዎታል። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በሆነበት ቦታ ኬክ ቶሎ ይነፋና መሐሉ ሳይበስል ይወድቃል። በ180 ዲግሪ አካባቢ ይጋግሩት፤ መሐሉ ላይ የገባ ስንጥር ደረቅ ሆኖ ሲወጣ በስሏል፤ እስከሚፈትሹበት ጊዜ ድረስ ግን ኦቨኑን ባይከፍቱት ይመረጣል።

መልስ፣ ከወልድያ፦
በአንድ ነገር ልለይ። የበለስ ጣዕም ለስላሳ በመሆኑ ዱቄትና ስኳር ይውጡታል፤ 1 ኩባያ ጥሬ ጭማቂ ብቻ ከገባ ተመጋቢው ኬኩ በምን እንደተሠራ አያውቅም። 2 ኩባያ ጭማቂ በቀስታ እሳት ላይ ግማሽ እስኪሆን ድረስ ማስተንተን ይሻላል፤ እንደ ፍሬው ትልቅነት ከ12 እስከ 15 በለስ ይፈጃል። ሳይቀዘቅዝ ሊጥ ውስጥ እንዳይገባ፤ ትኩሱ ቤኪንግ ፓውደሩን ያለ ጊዜው ያስነሣዋል።

ጋጋሪው፣ ከኮምቦልቻ፦
ስለ ጣዕሙ ተስማምቻለሁ፤ ስኳሩንም በዚያው ልክ ይቀንሱ። ነገር ግን የቀዩ በለስ ቀለም ሙቀት አይወድም፤ ሲተን አንድ ጊዜ፣ ሲጋገር ደግሞ ሌላ ጊዜ ይቀንሳል። ስለዚህ ለሊጡ የተነነውን፣ ለላዩ ደግሞ ያልሞቀውን መጠቀም ነው የሚሻለው። 3 የሾርባ ማንኪያ ያህል ጥሬ ጭማቂ አስቀርተው፣ ከጥቂት ሎሚና ከተፈጨ ስኳር ጋር እስኪወፍር ያሹት፤ ኬኩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ያፍስሱበት። ደማቅ ሮዝ ሆኖ ይቀመጣል፣ ለጾምም የሚከለክል ነገር የለበትም። ቢጫው በለስ ከሆነ ያለዎት ግን ለዚህ አይድከሙ፤ እሱን ለሊጡ ብቻ ያድርጉት።

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱንም ዓይነት በለስ ገዝቼ ቢጫውን ለሊጡ አተናለሁ፣ ቀዩን ለላዩ አስቀራለሁ። የተነነው ጭማቂ ቢተርፍ ፍሪጅ ውስጥ ምን ያህል ይቆያል?

መልስ፣ ከወልድያ፦
አሲዱ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይፈላል፤ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ተጠቀሚበት። ለመስከረም ማቆየት ከፈለግሽ ግን በትንሽ በትንሹ ከፋፍለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው።